የሕዝብ ልብ በቁጥር ይለካልን?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ሕዝቦች የሚያከብሩትን ነገርና የያዙትን አስተያየት ስለ መለካትና ስለ ማወዳደር ነው። ርእሱ ረጅም ስለ ሆነ በአጭሩ «የሕዝብ ልብ በቁጥር ይለካልን?» ብዬዋለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። አዎን፥ ይለካል፤ ነገር ግን ለካሁ የሚል ሁሉ ለክቷል ማለት አይደለም። በተለይም በኛ አገር ላይ የወጡትን ቁጥሮች ከመቀበላችንም ሆነ ከመጣላችን በፊት እንዴት እንደ ተገኙ መመርመር የተማሪ ግዴታ ነው እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

አንዳንድ ሰዎች፥ የሕዝብ ጠባይ በቁጥር አይገለጥም፥ ባህላችንን እኛው እናውቀዋለን ይላሉ። እስኪ ይህን ዕውቀታችንን እንመርምረው። ኢትዮጵያዊ በሰው ያምናልን ተብለን ብንጠየቅ አንዱ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላል፤ ሌላው «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» ይላል። ሁለቱም ተረቶች የኛው ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ አፍ ሊወጡ ይችላሉ። ተረት ለየጉዳዩ የሚመዘዝ መሣሪያ ነው እንጂ የሕዝብ ቆጠራ አይደለም። «የኛ ሕዝብ እንዲህ ነው» የሚለውም አነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የተናጋሪውን ቤትና ሰፈር የሚገልጥ ነው። በዚህ ዓይነት በጉባዔ ላይ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው፥ ጉባዔ ረግጠው ለማያውቁ ሚሊዮኖች ቃል አቀባይ ይሆናል። በደንብ የተዘጋጀ መጠይቅ ግን በገጠር ለምትኖረው ገበሬ ሴት ከባለሥልጣኑና ከምሁሩ እኩል አንድ ድምፅ ይሰጣታል። የመለካት ትልቁ ዋጋ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ጥቂት ሰዎች የተባለው ለብዙዎች እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ወጥ የምትሠራ እናት ጨው መብቃቱን ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም፤ አማስላ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ቁም ነገሩ ያለው በማንኪያው ትልቅነት ሳይሆን በማማሰሉ ላይ ነው። በ1936 በአሜሪካ «ሊተረሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት የፕሬዚዳንት ምርጫውን ውጤት ለመገመት ለ10 ሚሊዮን ሰዎች ያህል ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መልስ ሰበሰበና ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፈ። መጽሔቱ የተጠቀመበት የስም ዝርዝር በይበልጥ ስልክና አውቶሞቢል ካላቸው ሰዎች የተውጣጣ ነበረ፤ መልሱን ለመላክ የተነሣሡትም ከቀሩት የተለዩ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋለፕ እጅግ ባነሰ፥ ነገር ግን በተሻለ አመራረጥ በተሰበሰበ ናሙና ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተናገረ። በዕጣ በትክክል የተመረጡ 1,200 ሰዎች፥ ሕዝቡ ጥቂት ሚሊዮንም ይሁን ከመቶ ሚሊዮን በላይ፥ ከእውነቱ በመቶ ሦስት ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የሚገኝ መልስ ይሰጣሉ። እንግዲህ ናሙናው ትንሽ ነው የሚለው ክስ ብቻውን አይረታም።

አገርን ከአገር የማወዳደሩን ሥራ ካስጀመሩት መካከል ሁለቱ አሜሪካውያን ገብርኤል አልመንድና ሲድኒ ቨርባ ናቸው። በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ አሜሪካን፥ እንግሊዝን፥ ምዕራብ ጀርመንን፥ ኢጣልያንና ሜክሲኮን አወዳደሩ፤ በየአገሩ ወደ 1,000 ሰዎች ተጠየቁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «አብዛኛውን ሰው ማመን ይቻላል ወይስ ከሰው ጋር ሲኖሩ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። ማመን ይቻላል ያሉት በአሜሪካ ከመቶ 55፥ በምዕራብ ጀርመን ከመቶ 19፥ በኢጣልያ ከመቶ 7 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ማመን ይቻላል የሚሉት ከመቶ 40 በላይ ሆነዋል፤ በአሜሪካ ግን ከ40 በታች ወርደዋል። ጀርመናዊ በተፈጥሮው ተጠራጣሪ፥ አሜሪካዊ በተፈጥሮው አማኝ አልነበረም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የተጠየቀው ጀርመናዊ ጎረቤት ጎረቤቱን ለፖሊስ ይጠቁም ከነበረበት ከናዚዎች ዘመን የወጣው ገና በ14 ዓመቱ ነው። የመለካት አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ጠባይ የመሰለን ነገር ታሪክ ሆኖ ተገኘ።

በ1977 «ጸጥተኛው አብዮት» የሚል መጽሐፍ ያወጣው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮናልድ ኢንግልሃርት ይህን ሥራ አስፋፋው። በ1981 በአውሮጳ የተጀመረው ጥናት የዓለም እሴቶች ጥናት ተብሎ እየሰፋ ሄደና በየጥቂት ዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በብዙ አገሮች ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ2007 በ1,500 ሰዎች፥ በ2020 ደግሞ በ1,230 ሰዎች ናሙና ገብታበታለች። ከመልሶቹ ውስጥ ዐሥር ያህሉ ተመርጠው ወደ ሁለት ቁጥሮች ይጠቀለሉና እያንዳንዱ አገር በአንድ ካርታ ላይ እንደ ነጥብ ይቀመጣል። አንደኛው መስመር ከወግና ከሃይማኖት ሥልጣን ወደ ዓለማዊ አስተሳሰብ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በሕይወት ለመሰንበት ከመጨነቅ ራስን ወደ መግለጥ ይሄዳል። አገሮቹም በክበብ ተከበው ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ኢትዮጵያ «አፍሪቃዊ-እስላማዊ» በተባለው ክበብ ውስጥ ትገኛለች። የጥንት ክርስቲያንም የጥንት እስላምም አገር ለሆነችው ለኢትዮጵያ ይህ ስም እንደማይበቃት ሁላችንም እናያለን። ነገር ግን እዚህ ላይ መለየት ያለበት አለ። ነጥቧ ያረፈችበት ስፍራ ከሰዎች መልስ የተሰላ ነው፤ ክበቡንና ስሙን ግን የካርታው ሠሪዎች በእጃቸው ያበጁት ነው። በስሙ ተቆጥተን ስሌቱን መጣል፥ ወይም ስሌቱን አክብረን ስሙንም መሸከም፥ ሁለቱም ስሕተት ነው።

በአገራችን ላይ የተደረገው ሙከራ ከዚህም ይቀድማል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ገበሬውን አጥንቷል፤ ከዚያም በላይ በመቶ ለሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎች መጠይቅ ሰጥቶ አስተያየታቸውን ለክቷል። ውጤቱ በ1965 «ሰምና ወርቅ» በሚለው መጽሐፉ ታተመ። የሌቪን ብልኀት መጠይቁን ብቻ አለማመኑ ነው፤ ከሰዎች ጋር ኖሯል፥ ቅኔውን ተምሯል፥ አማርኛውን አጥንቷል። ከዚህ ጋር የሆላንዱን የሄርት ሆፍስቴደን ሥራ እናስተያየው። እርሱ ከ1967 እስከ 1973 ድረስ ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሠራተኞች ከተሰበሰቡ ከ100 ሺህ በላይ መጠይቆች ተነሥቶ በ1980 የየአገሩን ባህል በቁጥር አወጣ። በአራት አገሮች የነበሩት ሠራተኞች ጥቂት ስለ ነበሩ ኢትዮጵያን፥ ኬንያን፥ ታንዛኒያንና ዛምቢያን «ምሥራቅ አፍሪቃ» ብሎ በአንድ ቁጥር አጠቃለላቸው። በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ ውጭ ኮምፒዩተር ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ በጭንቅ ይገኝ ነበረ፤ እንግዲህ የዚያ ኩባንያ ሠራተኛ የጎጃሙን ገበሬ ወይም የቦረናውን ከብት አርቢ ሊወክል አይችልም። ቢሆንም ይህን ቁጥር «የኢትዮጵያ ባህል» ብሎ በንግድና በአስተዳደር ትምህርት መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቅስ ተማሪ ዛሬም አይጠፋም። መጥቀሱ ክፉ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ ሳይናገሩ መጥቀሱ ነው ክፉው።

አሁን ወደ መጠይቁ ውስጥ እንግባ። በ2020ው ጥናት አብዛኛውን ሰው ማመን ይቻላል ያሉት ኢትዮጵያውያን ከአምስት አንድ አይሞሉም። በኖርዌይና በስዊድን እንዲህ የሚሉት ከመቶ 60 ይበልጣሉ፤ በዚምባብዌና በኮሎምቢያ ከመቶ 5 አይሞሉም። ይህን ያነበበ ሰው ኢትዮጵያዊ በሰው አያምንም ብሎ መደምደም ይቀለዋል። እስኪ ይህን ጥያቄ ይዘን፥ እኔ በማውቀው በጎፋ ሰፈር ወደ አንዲት እናት ቤት ሄድን እንበል። «እማማ፥ አብዛኛው ሰው ይታመናል ይላሉ፥ ወይስ መጠንቀቅ ይሻላል?» እንላለን። «ኧረ ልጄ፥ ምን ሰው አለና! መጠንቀቅ ነው እንጂ» ይላሉ። እኛም ከወረቀቱ ላይ ሁለተኛውን ቁጥር እናከብባለን። እኒህ እናት ግን የቤታቸውን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ያለ ጠበቃና ያለ ማኅተም ገንዘባቸውን ለዕቁብ ሰብሳቢ ይቆጥራሉ፤ በየወሩ ለዕድር የሚከፍሉትም፥ ከሞቱ በኋላ ሌሎች ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀው እንደሚቀብሯቸው በማመን ነው። ዕድርን የሚያህል እምነት በየትኛው አገር ይገኛል? ሰው ራሱ ሊቆጣጠረው ለማይችለው ቀን ዛሬ ገንዘቡን ይከፍላል።

ታዲያ እኒህ እናት ዋሽተዋልን? አልዋሹም። ጥያቄው «አብዛኛው ሰው» ሲል ስዊድናዊው በመንገድ የሚያልፈውን የማያውቀውን ሰው ያስባል፤ እርሳቸው ግን በስም የማያውቁትን «ሰው» ሲያስቡ፥ በታክሲ ቦርሳ የሚፈትሸውንና በስልክ እያታለለ ገንዘብ የሚወስደውን ያስባሉ። ይህን ልዩነት ተመራማሪዎችም ደርሰውበታል። ከ2005 ጀምሮ በተደረገው ዙር የዓለም እሴቶች ጥናት፥ ቤተሰብዎን፥ ጎረቤትዎን፥ በግል የሚያውቁትን ሰው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩትን ሰው፥ የሌላ ሃይማኖት ተከታይን፥ የሌላ አገር ዜጋን ምን ያህል ያምናሉ እያለ በስድስት ይከፍለዋል። በ2011 ዴልሃይ፥ ኒውተንና ቬልትሰል የተባሉ ሦስት ምሁራን በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተው «አብዛኛው ሰው» የሚለው ቃል በየአገሩ የሚሸፍነው ክበብ አንድ እንዳልሆነ አሳዩ። እንግዲህ ስለ ኢትዮጵያ መጠየቅ የሚገባው፥ እናምናለን ወይስ አናምንም የሚለው ሳይሆን፥ የእምነታችን አጥር የት ድረስ ነው የሚለው ነው። ይህም ጥያቄ ለኛ የትምህርት ቤት ጨዋታ አይደለም። የ2020ው መጠይቅ የተሞላው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሰሜን ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ላይ ያለው እምነት ምን እንደ ደረሰበት በአሮጌ ቁጥር ሊነገር አይችልም።

ሁለተኛው ችግር የቋንቋ ነው። በአማርኛ «ማመን» ለእግዚአብሔርም ለጎረቤትም የምንጠቀምበት አንድ ቃል ነው፤ «እምነት» ስንል ሃይማኖትም ማለታችን ነው፥ መተማመንም ማለታችን ነው። ይህ ግን ከቀላሎቹ ነው። ጥናቱ ልጆች በቤት ሊማሯቸው ከሚገቡ 11 ጠባዮች እስከ አምስት ምረጡ ይላል፤ ከነሱም መካከል ታዛዥነትና ራስን መቻል ይገኛሉ። በምዕራባውያን አነጋገር ራሱን የቻለ ልጅ ማለት በገዛ አእምሮው አስቦ የሚወስን፥ ሲያስፈልግም አባቱን አልስማማም የሚል ነው። በኛ ግን «ልጄ ራሱን ቻለ» የሚል አባት፥ ልጄ ሥራ ያዘ፥ ጎጆ ወጣ፥ ደግሞም ለኔ ይጦረኛል ማለቱ ነው። ስለዚህ ታዛዥነትንም ራስን መቻልንም አብሮ የመረጠ ኢትዮጵያዊ ገበሬ በስሌቱ ሲታይ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሰው ይመስላል፤ በቤቱ ሲታይ ግን ቃሉ አንድ ነው። እንደዚሁም ራስን የመግለጥ ምልክት ተብሎ ከሚቆጠረው አንዱ በአቤቱታ ወረቀት ላይ መፈረም ነው። የኛ ሰው ግን ፊርማ ሳያውቅ ከጥንት ጀምሮ በገዥው ደጅ ቆሞ «አቤት!» ሲል ኖሯል። መጠይቁ ፊርማውን ቆጥሮ ጩኸቱን ሳይቆጥር ቢያልፍ ጉድለቱ የመጠይቁ ነው።

ሦስተኛው ችግር ይሉኝታና ፍርሃት ነው። መጠይቅ ይዞ የሚመጣ ሰው በኛ አገር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ደስ ብሎት እንዲሄድ እንጂ ክፉ እንዲሰማ አይፈለግም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሚሰማበት ሁኔታ የሚሰጠው መልስ የግለሰቡ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ይሆናል። ፍርሃቱ ግን ከይሉኝታው ይብሳል። ለዚህ እጅግ ግልጥ የሆነ ማስረጃ አለን። ከ1999 ጀምሮ በአፍሪቃ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ገባና 2,400 ያህል ሰዎችን ጠየቀ። ብዙዎቹ አገራችን ዴሞክራሲያዊ ናት አሉ፤ የሰጡትም ነጥብ ከአፍሪቃ አገሮች ከፍተኛ ከተባሉት አንዱ ሆነ። ይህ የሆነው በ2010ሩ ምርጫ ከ547 የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን ገዥው ግንባርና አጋሮቹ በያዙበት አገር ነው። በ2015 ደግሞ 547ቱንም ያዙ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፥ ወደ ሌሎችም ክልሎች ተስፋፋ፤ በየካቲት 2018 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። በቁጥሩ ብቻ የተማመነ ሰው ይህን ሁሉ ሊገምተው ባልቻለም ነበር።

ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ይህን መልስ ያመጣው ፍርሃት ነው፥ ወይስ መረጃ ማጣት፥ ወይስ ስለ ዴሞክራሲ የተለየ ትርጓሜ መያዝ ብለው ጠየቁ። መመርመር የቻሉትም መጠይቁ ራሱ አንድ ብልኀት ስለ ነበረው ነው፤ ይኸውም በመጨረሻ «ይህን ጠያቂ ማን የላከው ይመስልዎታል?» ይላል። መንግሥት ነው የላከህ ያለ ሰው የሰጠውንና ሌላው የሰጠውን መልስ ማወዳደር ይቻላል። እንዲሁም «አላውቅም» ያሉትን መቁጠር ይቻላል። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንደሚባለው፥ በዚህ አገር ሐሳብን ለማውጣት የሚያስፈልገው ነገር መኖሩን አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ከዚህ የምንማረው ይህ ነው፤ ፍርሃት ባለበት አገር ዝም ማለትና «አላውቅም» ማለት እንደ ባዶ ሊጣሉ አይገባም፥ እነርሱም መልስ ናቸው።

አራተኛው ችግር ድስቱ አለመማሰሉ ነው። በዕጣ ለመምረጥ የሁሉም ዝርዝር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የሕዝብ ቆጠራ በ1984፥ በ1994ና በ2007 ተደርጓል፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ከተላለፈ በኋላ ሳይካሄድ ቀርቷል። ስለዚህ የዛሬ ናሙና በአብዛኛው የተመሠረተው በአሮጌ ካርታ ላይ ነው። በ2007 ባዶ ሜዳ የነበረው የአዲስ አበባ ዳርቻ ዛሬ በሕዝብ ተሞልቷል፤ በሌላ ስፍራ ደግሞ በጦርነት የተፈናቀለ ሰው ከዝርዝሩ ውጭ ነው። የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርበት አገር መጠይቁ በሁለት ወይም በሦስት ቋንቋ ብቻ ሲጻፍ፥ የቀረውን ጠያቂው በቆመበት በአፉ ይተረጉመዋል። ያን ጊዜ በአንድ ወረዳ አንድ፥ በሌላው ሌላ ጥያቄ ተጠይቋል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት መለካትን ለማጥላላት አለመሆኑን ለማሳየት፥ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በ2000፥ በ2005፥ በ2011ና በ2016 ሴቶችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቋል። ሚስት ምግብ ብታሳርር፥ ብትከራከር፥ ሳትናገር ብትወጣ፥ ልጆቿን ችላ ብትል፥ ከባሏ ጋር ለመተኛት እንቢ ብትል፥ ባል ሊመታት ይገባዋልን? ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ አዎን ይገባዋል ያሉት ሴቶች በ2000 ከመቶ 85፥ በ2005 ከመቶ 81፥ በ2011 ከመቶ 68፥ በ2016 ከመቶ 63 ነበሩ። ወንዶች ደግሞ በ2011 ከመቶ 45፥ በ2016 ከመቶ 28 ሆኑ።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ያስተምራሉ። ጥያቄው «ስለ ሴት መብት ምን ያስባሉ?» ብሎ በደፈናው አይጠይቅም፤ ያረረውን ወጥ ጠቅሶ ይጠይቃል። የቤት ነገር ስለ ሆነ ጠያቂውን ሊያስደስት የሚችለው መልስ በቀላሉ አይታወቅም። ዓመት ጠብቆ ስለሚደገም አካሄዱን ያሳያል። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በ2005 ደግሞ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት የሚቀጣው የወንጀል ሕግ ወጥቷል፤ የሴቶች ትምህርትም በእነዚሁ ዓመታት ተስፋፍቷል። ሕጉ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ ልቡ ግን በ16 ዓመት ከ85 ወደ 63 ብቻ ነው የወረደው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ዱላውን መደገፋቸውም ሊያስደነግጠን ይገባል። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፥ በብዙ የአፍሪቃ አገሮች ይታያል። እኔ የምረዳው፥ ሴቲቱ የምትመልሰው የምትወደውን ሳይሆን በዓለሟ ያለውን ሕግ ነው፤ ወንዱ ግን አዲሱን ትክክለኛ መልስ ቶሎ ተምሯል። ለምን ቢባል፥ በዚያው በ2016 ካገቡት ወይም አግብተው ከነበሩት ሴቶች ከመቶ 34 ያህሉ በባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የመንፈስ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። እንግዲህ አስተያየትን ስንለካ ድርጊቱንም አብረን ካልለካን የተማርነው ምን መልስ መስጠት እንደ ተለመደ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ደንብ አራት ነው። አንደኛ፥ የአንድ ቀን ቁጥር ከአገር አገር ከማወዳደር፥ አንድን አገር ከትናንት ማንነቱ ጋር ማወዳደር ይበልጥ የታመነ ነው፤ የቃሉ ትርጓሜ በአንድ አገር ውስጥ ቶሎ አይለወጥምና። ሁለተኛ፥ መጠይቅ ከተተረጐመ በኋላ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው፤ ከዚያም ለጥቂት ሰዎች ተነብቦ «ይህ ሲባል ምን መሰለዎት?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፥ ከቃሉ ጎን ሥራው ይቆጠር፤ ታምናለህ ወይ ብቻ ሳይሆን ዕቁብ አለህ ወይ፥ ከማን ጋር ነው ይባል። አራተኛ፥ ዝም ያለውም ይመዝገብ።

እነዚህን ደንቦች ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚሁ በደቡብ አዲስ አበባ በጎፋ፥ በገብርኤል አካባቢ ባሉት አሮጌ መንደሮች ሰው ለብዙ ዘመን ተዛምዶና ተዋውቆ ይኖራል። ጥቂት እልፍ ሲሉ ኮንዶሚኒየም አለ። በዚያ ያሉት ቤቶች ለተመዘገቡ ሰዎች በዕጣ የታደሉ ናቸው። ይህ ለተመራማሪ የማይገኝ ዕድል ነው፤ ጎረቤቱን መርጦ ያልገባ ሰው፥ በቋንቋም በሃይማኖትም ከማይመስለው ሰው ጋር በአንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድበት ስፍራ ነውና። ስለዚህ የእምነት አጥር የሚሰፋው አብሮ በመክረም ነው ወይስ በመመሳሰል የሚለውን ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ልንመረምረው እንችላለን። ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች ቤቱን ለሌላ ስለሚያከራዩ ባለቤቱንና ተከራዩን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለቱም ስፍራ ስድስቱን የእምነት ጥያቄዎች መጠየቅ፥ አጠገቡም ዕድሩና ዕቁቡ ስንት ቋንቋ የሚናገሩ፥ ስንት ሃይማኖት የሚከተሉ ሰዎችን እንዳቀፈ መቁጠር ነው። የሶሲዮሎጂ ተማሪ ጥያቄውን ቢያዘጋጅ፥ የስታቲስቲክስ ተማሪ ናሙናውን ቢመርጥ፥ የቋንቋ ተማሪዎች በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በጉራግኛና በሌሎችም ቢተረጕሙት፥ ወጪው ከእግርና ከወረቀት አያልፍም።

ማኅበራችን ይህን ሥራ ቢጀምር ሁለት ነገር ቃል መግባት አለበት። አንደኛው፥ የተጠያቂው ስም በወረቀቱ ላይ እንዳይጻፍ፥ መልሱም ለማንም ባለሥልጣንና ለማንም ፓርቲ እንዳይሰጥ ነው። ይህ ከፈረሰ ከኛ በኋላ የሚመጣ ተማሪ በጎፋ በር አይከፈትለትም። ሁለተኛው፥ ውጤቱ ለመለሱት ሰዎች ተመልሶ እንዲነገር ነው። ለብዙ ዓመታት ሕዝባችን ሲጠየቅ ኖሯል፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ግን በሌሎች አገሮች መጽሔት በሌላ ቋንቋ ነው የሚታተመው። በዕድሩ ስብሰባ ላይ «እናንተ እንዲህ ብላችሁ ነበር፥ እኛ እንዲህ ተረድተነዋል፥ ተሳስተናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ የሚበልጥ ፈተና ነው። ያን ጊዜ እኒያ እናት ቁጥራችንን ሰምተው «አይ ልጄ፥ እንዲያ ማለቴ አልነበረም» ቢሉ፥ የሚታረመው የኛ ወረቀት ነው።

 ለጥያቄና ለተቃውሞ መድረኩን ለናንተ እተዋለሁ።